ስልሳ ያመጣች ልብ

«የእሳቸው ሃያ አምስት ነው፤ የእሷ ስልሳ። ስልሳ ላመጣ ሰው ምን ብለን ነው ተራ የምንይዘው?»

እናትዓለም ይህን የሰማችው ማጀት ቆማ የወንድሟን አጥሚት ስታማስል ነው። ማጀቱን ከሳሎኑ የሚለየው ነጭ ቀለም የተቀባ ቺፑድ ብቻ ስለሆነ በዚያኛው በኩል የሚባለው ሁሉ ጆሮ ሥር እንደሚባል ሆኖ ይመጣል። የተናገረው ባምላክ ነው፤ የወንድሟ ልጅ የሥርጉት ባል፣ የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህር። ክፋት አልነበረበትም። ሸሚዙን እየቆለፈ፣ ለባጃጅ የሚወጣውንና ሚስቱ ከምትሠራበት ኮሌጅ ቢሮ የምታስፈቅደውን ቀን ባንድ ላይ እያሰበ፣ ድምፁን እንኳ ዝቅ ሳያደርግ ነው ያለው። ሥርጉትም «እሱስ ልክ ነህ» አለችው፤ ቀጥሎ የሻይ ማንኪያ ብርጭቆ ሲመታ ተሰማ። እናትዓለም ማማሰሏን አላቋረጠችም። አጥሚት ካቋረጡት ይጓጉላል።

ነገሩ የመጣው ከልብ አልትራሳውንዱ ነው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ወንድምና እኅት ባንድ ቀን ተመርምረው ሐኪሟ ሁለቱንም «የልብ ድካም ነው» አለቻቸው። የበሽታው ስም አንድ፣ ወረቀቱ ግን ሁለት ነበር። የወንድሟ የመሪጌታ ገብረ መስቀል ልብ ከያዘችው ደም ከመቶ ሃያ አምስቱን ትረጫለች፤ የእናትዓለም ስልሳውን። ወረቀቱ ወደ ቤት ሲመጣ መጀመሪያ ያነበበው ባምላክ ሆነ፤ ባምላክ ደግሞ ከመቶ የተጻፈ ቁጥር ሲያይ እጁ ቀይ እስክሪብቶ የሚፈልግ ሰው ነው። «አባባ ወድቀዋል፤ እትዬ አልፋለች» አለ። ሁሉም ሳቁ። መሪጌታ ራሳቸው ሳቁ። «ቅኔ ከነአገባቡ ያስመሰከርሁት እኔ ሃያ አምስት፣ ፊደል ያልቆጠረችው እኅቴ ስልሳ። ይህች ሐኪም ጉባኤ ቤት አልገባችም» አሉ። እናትዓለምም ሳቀች። እውነቱን ለመናገር ደስ ሳይላት አልቀረም፤ በዕድሜዋ ተፈትና የማታውቅ ሴት ናት። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት እሳቸው በሽተኛ፣ እሷ አስታማሚ ሆነው ቀሩ። ማንም ተቀምጦ የወሰነው ነገር አይደለም።

የእሷ ክኒንም ወደ ወንድሟ የሄደው እንደዚሁ ነው። የመሪጌታ እግር እብጠቱ አልጎድል ብሎ፣ መንገድ ተዘግቶ መድኃኒት በማይገባበት ሰሞን ሥርጉት መድኃኒት ቤቱን ሁሉ ዞራ ባዶ እጇን ተመለሰች። «እትዬ፣ ያንቺን የሽንት ክኒን ለአባባ እንጨምርላቸው እንዴ? አንቺ እንደሁ ደህና ነሽ» አለቻት። «ይዋጡት፤ እኔ ምን ሆንሁ» አለች እናትዓለም። መንገዱ ተከፍቶ ክኒኑ መገኘት ሲጀምርም መጨመሩ አልቀረም። የመሪጌታ እግር ጎድሎ ስለነበር የጠቀማቸው እሱ ነው ተባለ፤ በሁለቱም ስም እየተገዛ ወደ እሳቸው ብቻ ይሄዳል። በየጠዋቱ ሁለቱን ክኒን ከውሃ ጋር ይዛ ወደ አልጋቸው የምትቀርበው ራሷ ናት። መሪጌታ መዳፋቸውን ይዘረጋሉ፤ አማትበው ይውጣሉ፤ ምን እንደሆነ አይጠይቁም።

የእሷ ሕመም ለዐይን አይመችም። ቁጭ ብላ ለሚያያት ምንም የላት። አገሯ ይፋግ ሳለች ቀጭን ነበረች፤ ወንድሟን ልታስታምም ከመጣች ወዲህ ፊቷ ሞልቷል፣ ቀሚሷ ጠቧታል፣ ጠያቂ ሁሉ «ባሕር ዳር ተስማምቶሻል» ይላታል። ጫማዋ አልገባ ስላላት የባምላክን አሮጌ ነጠላ ጫማ ታደርጋለች። ከግቢው ቧንቧ ጀሪካን አንሥታ ወደ ቤቱ የሚያስገባውን ደረጃ ስትወጣ ግን መሀል ላይ ትንፋሿ ያልቃል፤ ያኔ ነጠላዋን የምታስተካክል መስላ ትቆማለች። ግቢው ውስጥ የተከራዩት የዩኒቨርሲቲ ልጆች አንዳንዴ «እማማ፣ እናግዝዎት?» ይሏታል። «እናንተን የሚያግዝ ይስጣችሁ፤ ፈተና ደርሷል አይደል» ብላ ታሳልፋቸዋለች። መኝታዋ ከዋናው ቤት ጀርባ ባለው ሰርቪስ ነው። ለተማሪ ቢከራይ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ብር የሚያወጣ ክፍል ለእሷ እንደተተወላት በቤቱ ውስጥ አልፎ አልፎ ይነሣል፤ ለክፋት ሳይሆን ሒሳብ ሲሠራ። እዚያ ክፍል ውስጥ ተጋድማ ከተኛች ሰንብታለች። ጋደም ስትል ከደረቷ ሥር ውሃ ሽቅብ የሚመጣባት ይመስላታል። የልብስ ጆንያ ከጀርባዋ አድርጋ፣ ግድግዳ ተደግፋ፣ ከዳዊት በቃሏ የምታውቀውን ያህል እየደገመች ታነጋለች። ዛሬ የሁለቱም ቀጠሮ ነበር። ከዚህ ቀን የፈለገችው አንድ ነገር ነው፤ ከሐኪሟ ፊት ቀርባ «መጋደም ለምን አቃተኝ?» ብላ መጠየቅ።

አጥሚቱን ለወንድሟ አጠጥታ፣ ጋቢያቸውን አልብሳ ስትጨርስ ሥርጉት ተዘጋጅታ መጣች። «እትዬ፣ አንቺ አባባን ትይዣቸዋለሽ፤ እኔ ካርዳቸውን አስወጣለሁ» አለቻት። እናትዓለም «የእኔስ ካርድ?» ለማለት አፏን ከፈተች። ሥርጉት ቦርሳዋን በርግዳ የቤት ቁልፍ እየፈለገች ነበር። ቁልፉ ቶሎ አልተገኘም። ሲገኝ ደግሞ ባጃጁ በር ላይ ጥሩንባውን ነፋ፤ እናትዓለምም አፏን መልሳ ገጠመች።

ሹፌሩ ከሰፈራቸው ከፔዳ እስከ ሆስፒታሉ ኮንትራት ሁለት መቶ ብር ካልሆነ አልሄድም አለ። ሥርጉት መቶ ሃምሳ አለችው። ስለ ነዳጅ ሰልፍ፣ ስለ ጎማ ዋጋ ነገራት፤ እሷም ስለ ደመወዝ ነገረችው፤ መቶ ሰማንያ ላይ ተስማሙ። ሦስቱም ከኋላ ተጠጋግተው ገቡ። «እማማ፣ ትንሽ ወደ መሀል ይበሉ፤ ባጃጇ ወደ እርስዎ አዘነበለች» አለ ሹፌሩ በመስታወቱ እያያት። «ከኛ ቤት የሚበላው ለእሷ ብቻ ነው የሚታይባት» አለች ሥርጉት፣ በፍቅር፣ ጉልበቷን መታ አድርጋ። እናትዓለም ፈገግ አለች። ሐይቁ በዘንባባዎቹ መሀል ብቅ እልም ይላል። ከዳር ያለው ውሃ እምቦጭ ለብሶ የግጦሽ ሣር መስሏል። ራቅ ብሎ፣ መሪጌታ ጉልምስናቸውን ሁሉ ያገለገሉበት ገዳም ያለባት ደሴት ከጭጋጉ ጋር ተቀላቅላ አትለይም። እሳቸው ግን የት እንዳለች ያውቃሉ፤ ቆባቸውን አንሥተው ወደዚያው ተሳለሙ። እናትዓለምም ተሳለመች። በልቧ የለመነችው ነገር አልነበረም። ልመናም ትንፋሽ ይፈልጋል።

የክትትሉ ክፍል ፊት ለፊት ያሉት አግዳሚዎች ሞልተው ነበር። ሥርጉት ወደ ካርድ ክፍል ስትሄድ አንድ ጎልማሳ ተጠግቶ ለመሪጌታና ለእናትዓለም ቦታ ለቀቀላቸው። ከማክሰኝት ነው የመጣው፤ ሁሉንም የሚያውቅ፣ ሁሉም የሚያውቀው ዓይነት በሽተኛ ነው። እዚያ ሰው የሚተዋወቀው በቁጥር ነው።

«አባታችን፣ ስንት ነዎት?» አላቸው መሪጌታን።

«ሃያ አምስት ነበርሁ። ዛሬ እንጃ።»

«አይዞዎት። እኔ ሃያ ሆኜ ነው የጀመርሁት፤ አሁን ሠላሳ አምስት ገብቻለሁ። ያቺ ጥግ ያለችው አርባ ናት፤ ሰላምታም አትሰጠን።» ጥግ ያለችው ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ሳቀች። ሰውየው ወደ እናትዓለም ዞረ። «እርስዎስ እናታችን?»

«እኔ አስታማሚ ነኝ» አለች እናትዓለም።

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ እንኳ አልደነቃትም። እንዲያውም ከማንም በላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣ ስለነበር ሰውየው አመናት፤ «እግዜር ብድርዎን ይክፈል፤ አስታማሚ ከሌለ ሁላችንም አልቀን ነበር» ብሎ ስለ ምስር ዋጋ ማውራት ጀመረ። ምስር በማክሰኝት ስንት እንደሆነ፣ በባሕር ዳር ስንት እንደሆነ ተባለ። አንዷ ጨው የሌለው ወጥ ከመብላት ጾም ይሻላል አለች። እናትዓለም ወሬውን ትሰማለች፤ እግሯን ደግሞ አግዳሚው ሥር ደብቃለች፤ ከጠዋት ጀምሮ ስለቆመችበት የነጠላ ጫማው ጠርዝ ሥጋዋ ውስጥ ሰምጧል። ወንድሟ ዐይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ከትናንት ወዲያ ለጸሎት ሲነሡ ዞሮባቸው ግድግዳውን ይዘው ነው የተረፉት፤ ፊታቸው የከሰል አመድ መስሏል። ሥርጉት ካርዱን ይዛ መጣች። አንድ ካርድ።

ሲጠሩ ሦስቱም ገቡ። ሐኪሟ ዶክተር ሊድያ ትባላለች፤ ከአዲስ አበባ የመጣች፣ ገና ወጣት፣ ዐይኗ ሥር ድካም የተኛባት ናት። መሪጌታን አስቀምጣ ግፊታቸውን ለካች፤ መልሳ ለካች። የደም ምርመራውን ውጤት አየች። የእግራቸውን ቆዳ ቆንጥጣ ለቀቀች፤ ምላሳቸውን እንዲያወጡ ጠየቀቻቸው።

«ግፊታቸው በጣም ወርዷል» አለች። «ኩላሊታቸውም ተጎድቷል። ደርቀዋል እኮ። የሽንት ክኒኑን ስንት ነው የሚወስዱት?»

«እንደታዘዘው ነው» አለች ሥርጉት።

«አንድ?»

«አንድ።»

ሥርጉት ውሸታም ልጅ አይደለችም። ከእነሱ በፊት የገባውን ሰው ሐኪሟ መድኃኒት ከጎረቤት በመዋሱ ስትቆጣው እበሩ ድረስ ተሰምቶ ነበር፤ ቢሮ ለሚውል ሰው ደግሞ «እንደታዘዘው» የሚለው ቃል ከሐሳብ ቀድሞ የሚወጣ ቃል ነው። አንዴ ከወጣ በኋላ የሚመልሰው አላገኘም። ሐኪሟ ብዕሯን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «እንግዲያው ከልቡ ነው ማለት ነው። ልባቸው ከዚህ በላይ እየደከመ ከሆነ እዚሁ ማስተኛት አለብኝ። የልቡን መድኃኒትም መቀነሴ ነው፤ ይህን ግፊት ይዘው አይችሉትም።» መሪጌታ «ፈቃዱ ነው» አሉ። የሥርጉት እጅ የቦርሳዋን ዚፕ ይከፍታል፣ ይዘጋል።

እናትዓለም ከወንድሟ ወንበር ጀርባ ቆማለች። ትይዩዋ ግድግዳ ላይ አሮጌ የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል፤ ሥዕሉ ጀልባ ነው። ጀልባውን አየች። ብትናገር የወንድሟን ልጅ በሰው ፊት ማዋረድ ነው፤ እንጀራዋን የምትበላው፣ ሰርቪሷ ውስጥ የምታድረው ከዚችው ልጅ ነው። ዝም ብትል ወንድሟን ላልያዛቸው በሽታ ያስተኟቸዋል፤ የሚያስፈልጋቸውን ይነሷቸዋል። ይህን ሁሉ በዝርዝር አላሰበችም። ጀልባውን እያየች ሳለ አፏ ተናገረ።

«ሁለት ነው የሚውጡት። አንደኛው የእኔ ነው።»

መሪጌታ ቀስ ብለው አንገታቸውን አዞሩ። «ያንቺ?» አሉ።

«የእኔ።»

«ይቅርታ፣ እርስዎ ማን ነዎት?» አለች ሐኪሟ።

እናትዓለም ስሟን ትበል፣ አስታማሚ ነኝ ትበል፣ አላወቀችም። ጎንበስ ብላ የቀሚሷን ጫፍ እስከ ጉልበቷ ሰበሰበችና አውራ ጣቷን ቅልጥሟ ላይ ጫነች። ስታነሣው ጉድጓዱ እዚያው ቀረ። በለሰለሰ ጭቃ ላይ ጣት የተጫነ ይመስል ነበር። አራቱም አዩት። ጉድጓዱ ለመሙላት አልተቻኮለም። ጎንበስ ማለቷ ራሱ ትንፋሿን ወስዶት ስለነበር የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘች፤ ሐኪሟ ብድግ ብላ የራሷን ወንበር ሰጠቻት። ያቺን ጥያቄ ይዛ የመጣችውን፣ የመጋደሙን ነገር፣ የተናገረችው እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነው፤ እየቆራረጠች። ሐኪሟ ደረቷን ከጀርባ በኩል አዳመጠች። ነርሷን ልካ ካርዷን አስመጣች። «እናትዓለም ገድሉ። ቀጠሮ ቀርተዋል፤ እሱም አንዴ አይደለም» አለች።

«ደህና ናት ብለን ነው» አለች ሥርጉት። ድምፅዋ የልጅ ሆኗል። «የአባባ ሃያ አምስት፣ የእሷ ስልሳ ነው። ባለቤቴ መምህር ነው፤ ስልሳ... አልፋለች ብሎ።»

«ከስንት?»

«ከመቶ።»

ሐኪሟ አልሳቀችም፤ አልተቆጣችምም። «መቶ የሚረጭ ልብ የለም። የእኔም ቢለካ ስልሳ አካባቢ ነው» አለች። ጡጫዋን ጨበጠች፤ ዘረጋች። «ልብ ሁለት ሥራ ነው ያላት፤ ትጨመቃለች፣ ትላላለች። ስትጨመቅ ደሙን ትገፋለች፤ ስትላላ ትቀበላለች። ያባትሽ ልብ መጭመቁ ነው ያቃታት፤ ሰፍታለች፣ ዝላለች። ቁጥሩ የሚለካው እሱን ብቻ ነው። የእኚህ እናት ልብ መጭመቁን ትችላለች፤ መላላቱ ነው ያቃታት። ግፊት ብዙ ዘመን ሲያስጨንቃት ግድግዳዋ ወፍሮ ደርቋል። የደረቀ ስልቻ አይተሽ ታውቂያለሽ? አፉን ብትከፍቺለትም እህል አይቀበልሽም። የገባላትን ጥቂት ደም ስልሳ ከመቶ ብትረጨው ምን ዋጋ አለው? መግቢያ ያጣው ወደ ሳንባ ይመለሳል፤ ወደ እግር ይወርዳል።» ብዕሯን አንሥታ ወረቀቱ ላይ መጻፍ ጀመረች። እየጻፈችም፣ ለማንም እንዳልሆነ ሁሉ፣ «ለአባትሽ ዓይነት ብዙ መድኃኒት አለ። ለእኚህ እናት ዓይነት ጥቂት ነው። ከጥቂቱ አንዱን ደግሞ እናንተ ወስዳችሁባቸዋል» አለች።

ለመሪጌታ ክኒኑ ወደ አንድ ተመለሰ፤ በጥቂት ቀን ውስጥ ደማቸው እንደገና እንዲታይ ታዘዘ፤ መተኛቱ ቀረ። ለእናትዓለም የራሷ ክኒን ተጻፈላት፤ ጀሪካን እንዳታነሣ፣ እግሯን ከፍ አድርጋ እንድትቀመጥ፣ በሳምንት ውስጥ እንድትመለስ ተነገራት። ሲወጡ ያ የማክሰኝት ሰው «እንዴት ሆናችሁ?» ብሎ ጮኸ። መሪጌታ እጃቸውን አነሡለት። እናትዓለም እውነት ተናግራ የሚቀልላት ነገር ይኖራል ብላ ጠብቃ ነበር፤ ምንም የለም። እግሯ ይከብዳታል፤ በሩ ሩቅ ነው።

ሲመለሱ ሥርጉት የሹፌሩን ዋጋ አልተከራከረችም። መድኃኒት ቤት ጋ አስቁማ ወረደች፤ ክኒኑን ገዝታ መጣችና ፌስታሉን ሳታያት እናትዓለም ጭን ላይ አስቀመጠችው። ዐይኗ ቀልቷል፤ ግን አላለቀሰችም፤ ሊያለቅስ የደረሰ ሰው ፊት ነው። እናትዓለም «አይዞሽ» ልትላት ፈለገች። ሁልጊዜ የምትለው ቃል ነው። ዛሬ ሲፈለግ አልተገኘም። ሐይቁ ዳር ሲደርሱ መሪጌታ፣ ወደ ውጭ እንዳዩ፣ «እኔ የምውጠውን አላየሁም እኮ» አሉ።

«ዐይንዎ ደክሟል» አለች እናትዓለም።

«ብጠይቅ ትነግሪኝ ነበር?»

«እንጃ» አለች። እውነቷን ነው።

ቤት ሲደርሱ ባምላክ ለምሳ መጥቶ ጠበቃቸው። «አባባ ስንት ገቡ?» አለ ገና በሩ ላይ። ሥርጉት «አልተለካም» ብላ አለፈችው። ሽሮው ጠዋት በእናትዓለም የተሠራ ነው፤ ሥርጉት አሞቀችው፤ ተበላ። ባምላክ አንዴ ሚስቱን፣ አንዴ አማቱን ያያል፤ ስለ ፈተና ወረቀት መወደድ አንድ ሁለት ነገር ተናግሮ የሚቀበለው ሲያጣ ወደ ሥራው ተመለሰ። እናትዓለም ክኒኗን ዋጠች። ብዙም ሳይቆይ ክኒኑ ሥራውን ጀመረ፤ በተማሪዎቹ መስኮት ሥር ወደ ሽንት ቤት ተመላለሰች፤ አንዱ ተማሪ ከመጽሐፉ ቀና ብሎ ሰላም ሲላት አፈረች። ገና ሳይመሽ የነጠላ ጫማው ጠርዝ ትንሽ ላላላት። ይህንንም ልብ አለችው እንጂ ደስ አላላትም። ሳሎን ገብታ ከወንድሟ አልጋ አጠገብ ባለችው ዱካ ላይ፣ እንዲያው ለጊዜው፣ አረፍ አለች።

እማሆይ ወለተ ኪዳን የመጡት ያኔ ነው። መሪጌታ ካገለገሉበት ገዳም በጀልባ የሚመጡ መነኩሲት ናቸው፤ መሪጌታ ከታመሙ ወዲህ አጋጣሚ ባገኙ ቁጥር ጸበልና ሎሚ ይዘው ይጠይቃሉ። ከበሩ ጀምረው ይናገራሉ። «የኔታ፣ እግዚአብሔር ይማርዎ። የዚህ ከተማ ሙቀት ምንድን ነው እንዲህ? ጀልባው ላይ አንዱ ዘፈን ከፍቶ፣ ልጄ ዝጋው ብለው፣ መዝሙር ነው አለኝ፤ ለኔ ቢሆን ሁለቱም አንድ ሆነውብኛል።» መሪጌታ ሳቁ። እናትዓለም እንደ ልማዷ ተነሥታ የጸበሉን ጀሪካን ከእጃቸው ተቀበለች፤ የሎሚውን ፌስታል ተቀበለች፤ ወንበር አቀረበችላቸው። እማሆይ ጉንጯን ይዘው አዩዋት። «አንቺማ ምን ይበላል በዚህ ቤት? የሙሽራ ፊት አወጣሽ እኮ። እኛስ ዐጥንታችን ቀረ» አሉ። እናትዓለም «ተመስገን» ብላ ሻይ ልታፈላ ወደ ማጀት ዞረች። ሥርጉት ማጀቱ በር ላይ ቆማለች።

«እማሆይ» አሉ መሪጌታ። «እሷንም ይጠይቋት። ታማለች።»

«ማንን?»

«እኅቴን።»

እማሆይ ሳቁ። «ይቺን? ይቺ አንቱንም እኔንም ቀብራ፣ ተዝካራችንን አብልታ ነው የምትሞት።»

መሪጌታ ግን አልሳቁም። ከትራሱ ቀና ለማለት ሞክረው አልሆነላቸውም፤ እንደተጋደሙ ተናገሩ። «ከእኔ እኩል ናት። ዛሬ በጆሮዬ ሰማሁ። የእኔ ልብ መግፋት አቅቷት፣ የእሷ መቀበል አቅቷት ነው። ተጋድማ መተኛት ካቆመች ሰነበተች። እኔ ደግሞ መድኃኒቷን ስውጥባት ከረምሁ። በገዛ እጇ እያቀረበችልኝ።» የልጃቸውን ስም አላነሡም። ወደ ልጃቸው አላዩም። ሥርጉት የበሩን መቃን በጥፍሯ ትፍቃለች።

ከግቢው ተማሪዎቹ የሚያጠኑት ይሰማል። እማሆይ ወንበራቸውን ይዘው ተነሡ፤ ከመሪጌታ አልጋ ፊት አንሥተው በአልጋውና በዱካዋ መካከል አስቀመጡት። «ነይ እስቲ» አሉ።

«ሻዩን ላፍላ፣ እማሆይ።»

«ቁጭ በይ። በሽተኛ ለጠያቂ አይነሣም።»

እናትዓለም ተቀመጠች። እማሆይ የሻከረ እጃቸውን ግንባሯ ላይ አሳርፈው በግዕዝ አጭር ጸሎት አደረሱ፤ ለወንድሟ የሚያደርሱት እሱኑ ነው፤ ቃል ሳይቀር ታውቀዋለች፤ ማጀት ሆና ብዙ ጊዜ ሰምታዋለች። ሲጨርሱ «እግዚአብሔር ይማርሽ፣ ልጄ» አሉ። «አሜን» ማለት እንደሚገባት አውቃለች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ምን እንዳለች ግን ራሷም አልሰማችውም። እንግዳ ባለበት ቤት ተቀምጣ አታውቅም። እጇን የት እንደምታደርገው አጣች፤ መጀመሪያ ጉያዋ ውስጥ ከተተችው፣ ከዚያ ጉልበቷ ላይ አወጣችው። ሥርጉት ከበሩ ላይ ጠፋች። ማጀት ውስጥ የመደርደሪያ በር ተከፈተ፣ ተዘጋ፤ ሌላው ተከፈተ። ክዳን ወድቆ ሲሽከረከር ቆይቶ ቆመ።

«እትዬ» አለች ሥርጉት ከማጀት። ከሐኪም ቤት ከወጡ ጀምሮ ያናገረቻት አሁን ነው። «ስኳሩ የት ነው ያለው?»

እናትዓለም ልትነሣ እጇን ከጉልበቷ ላይ አነሣች። ወገቧ አብሮ ተነሥቶ ነበር። እማሆይ አልያዟትም፤ እሳቸውም መሪጌታም ያዩአታል። እጇን መልሳ ጉልበቷ ላይ አሳረፈች።

«ከዘይቱ ጀርባ» አለች። ድምፅዋ ማጀት የሚደርስ አልሆነም።

«የት አልሽኝ?»

ትንፋሿ እስኪሰበሰብ ጠበቀች። በእሷ ፈንታ የመለሰ የለም። ከዚያ እንደተቀመጠች ደገመችው።